ፀጉር በሚያክል ቦይ ያለፈ ዕድሜ፦ የእትዬ ጠብታ የሕይወት ታሪክ

በቤተሰባቸው "እትዬ"፣ በሥራ ቦታቸው ደግሞ "እትዬ ጠብታ" እየተባሉ የኖሩት እህታችን፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸውና የቀለም ፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩት አባታቸው፣ በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ። ይህን ጽሑፍ የጻፈውም እሱ ነው። የተማረ ሰው ጽሑፍ ባይመስል አንባቢም ሰሚም ይታገሠው፤ እሱ ይጻፈው ብለው ያዘዙት ሟቿ ራሳቸው ናቸው፤ እንዴት እንዳዘዙም በቦታው ይነገራል።

ከቤታቸው በስተኋላ የሚያልፈው ወንዝ ፋብሪካው የሚያመርተውን ቀለም ይዞ ይወርድ ነበር። ማክሰኞ ቀይ የነበረው ዓርብ ሰማያዊ ይሆናል። እናታቸው ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሲያነጡ ውለው ቤት ሲገቡ የልጆቻቸውን ልብስ የሚያለቀልቁበት ንጹሕ ውሃ አያገኙም። እትዬ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸውን በር ላይ ጠብቀው እንዲህ ብለው ጠየቁ ይባላል፦

"አባዬ፣ ቀለሙ ለሰው ቤት ነው አይደል? ታዲያ ወንዙን ቀቡት ያላችሁ ማነው?"

"እሱ የተረፈው ነው ልጄ።"

"የተረፈውማ ከተቀባው በለጠ እኮ!"

አባታቸው ይህን ወሬ በፋብሪካው ውስጥ አዙረው አዙረው ሲያስቁበት ኖረዋል። አለቃቸው ግን አልሳቁም።

በ1962 ዓ.ም. ሠራተኛው "ትልቁ ድስት" የሚለው፣ የሁለት ሰው ቁመት ያለው የብረት ማፍያ በድንገት ገንፍሎ የአባታቸውን ሁለት እጆች አቃጠለ። አራት ወር ሆስፒታል ተኙ። እትዬ ከትምህርት ቤት መልስ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። ድስቱ ለምን እንደገነፈለ ሲጠይቋቸው አባታቸው፣ "ትልቅ ነዋ! መሃሉ ሲቆጣ ዳሩ አይሰማም። ዳሩ ሲሰማ ደግሞ ጊዜው አልፏል" አሏቸው። እትዬ ባሕር ማዶ ድረስ ሄደው ከተማሩት ሁሉ ይህን የሚበልጥ የኬሚስትሪ ትምህርት እንዳልሰሙ ለተማሪዎቻቸው ይናገሩ ነበር።

የአባታቸው እጅ ድኖ ጣቶቻቸው ግን እንደ ቀድሞው አልታዘዟቸውም። በ1965 ዓ.ም. ቤተሰቡ ሁለት ልጅ ማስተማር አቃተው። አባታቸው "አንዱ ይማር፣ አንዱ ይሥራ" ብለው ፈረዱ፤ ታናሽ ወንድማቸውም ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ገባ። በዚያ ዓመት ከክፍሉ ሦስተኛ የወጣ ልጅ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ስለሌለ እዚህ ይጻፍ። ያን ጊዜ ግን ከእሱ ይልቅ ያለቀሱት እትዬ ነበሩ። "እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም" ብለው ሦስት ቀን ቤት ዋሉ፤ በአራተኛው ቀን እናታቸው በጆሯቸው ይዘው ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ትምህርት ለወንድማቸው ይደግሙለት ጀመር። እሱም እንቅልፍ እየጣለው፣ የማሽን ዘይት የነካው እጁ ደብተራቸውን እያጠቆረ፣ እስከ ክፍልፋይ ድረስ አብሯቸው ዘልቋል። ከክፍልፋይ በኋላ ተለያዩ።

እትዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1968 ዓ.ም. አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1972 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው አምስት ዓመት አስተማሩ። አባታቸው ልጃቸው መምህርት ስትሆን ካዩ በኋላ በ1975 ዓ.ም. አረፉ። በ1977 ዓ.ም. እትዬ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ባሕር ማዶ ተጓዙ፤ በስድስት ዓመት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ሻንጣቸው ሲከፈት ለእናታቸው ሹራብ፣ ለወንድማቸው በሳጥን የተደረደሩ፣ ብረት የሚበሱ የትራፓኖ ጥርሶች ወጡ፤ ለራሳቸው ያመጡት ወረቀት ብቻ ነበር። የትራፓኖ ጥርሶቹ ጥሩዎች ነበሩ። እስከ ዛሬ ሁለቱ ይሠራሉ።

በ1984 ዓ.ም. ከፋርማሲስት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። እትዬ "እኔና እሱ አንድ ምላስ ለሁለት ተካፍለን ድርሻው ሁሉ ለእኔ ደረሰ" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እሳቸውም መልስ አይሰጡም። በ1986 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ዛሬ የቋንቋ መምህርት ናት።

የሕይወታቸው ዋና ሥራ የጀመረው በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ክፍል ሲያስተምሩ፣ በ1992 ዓ.ም. ነው። ሥራው አረንጓዴ ኬሚስትሪ ይባላል። ስሙ የቅጠል ነገር ይመስላል እንጂ ፍሬ ነገሩ ወንዝ የማይቀባ፣ ሰው የማያቃጥል የፋብሪካ ሥራ መፈለግ ነው። እትዬ የመረጡት መንገድ ማይክሮ ሪአክተር የሚባለውን ነበር፤ ማለትም ትልቁን ድስት ትቶ፣ መዳፍ በምታክል የብረት ሳህን ላይ ፀጉር የሚያክል ቦይ መቅደድና በዚያ ውስጥ ፈሳሹን ጠብታ በጠብታ ማሳለፍ። ቦዩ ከመጥበቡ የተነሣ መሃልና ዳር የለውም፤ ሙቀቱም ሳይከማች በብረቱ በኩል ይወጣል። ብዙ ምርት ያስፈለገው ሰው ሳህኑን አያሳድግም፣ ሳህኖቹን ያበዛል እንጂ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚህ ሥራ ነው። የክፍሉ ተላላኪ "ዛሬስ ስንት በርሜል ሠሩ?" ሲላቸው፣ "ሰባት ጠብታ፤ ግን ሰባቱም ጨዋ ናቸው" ብለው መለሱለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ጠብታ ሆነ።

የሚያጠኑት ነገር አንድ ነበር። ከአንድ የአልኮል ዓይነት ለቀለምና ለሽቶ የሚሆን ዘይት ይወጣል። ፋብሪካዎች ይህን ሲሠሩ ክሮም ይጨምሩበታል፤ ክሮሙም ዞሮ ዞሮ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። እትዬ በክሮሙ ፈንታ ተራውን አየር ማሠራት ፈለጉ። አየር ደግሞ ብቻውን ሰነፍ ስለሆነ ካታሊስት የሚባል አፋጣኝ ይሻል። ወንድማቸው ካታሊስት ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው እንዲህ አስረዱት፦

"እንደ ደላላ በለው። ሁለቱን ያገናኛል፣ ራሱ ግን አይጋባም።"

"ኮሚሽኑስ?"

"የኔ ደላላ አይበላም። ለዚህ እኮ ነው ፍለጋው ዕድሜ የሚፈጅ።"

ሙከራው ሲሳካ ከቧንቧው ጫፍ የመራራ ለውዝ ሽታ ይወጣል። ሳይሳካ ሲቀር ምንም አይሸትም።

ቦዩን የሚቀድላቸው ግን ጠፋ። ከብዙ ቦታ "አይቻልም" ከተባሉ በኋላ ሥዕላቸውን ጠቅልለው ወደ ወንድማቸው ቶርኖ ቤት መጡ። ቤቱ ሁለት ማሽን፣ አንድ የብረት መያዣ ሞርሳ፣ ዘይት የጠጣ ወለልና መስተዋቱ በካርቶን የተተካ መስኮት ነበረው። ወንድማቸው ሥዕሉን ገልብጦ፣ መልሶ አቃንቶ አየው።

"እትዬ፣ ይሄን እኔ ነኝ የምሠራው ወይስ ትንኝ ልትቀጥሪ ነው?"

"ትንኟን ሞክሬያት ነበር፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ያንተ አይንቀጠቀጥም።"

ይህ ከተባለ በኋላ እንቢ ማለት አልነበረም። አራት ወር ፈጀ። ስድስት ሳህን ተበላሸ። የሰባተኛው ቦይ በልኩ ወጣ፤ ግድግዳው ግን ሻካራ ሆነ። በብረት ሽቦ ሲሞርዱት ይጫጫራል፣ በክር ሲሞክሩት ክሩ ይበጠሳል። በመጨረሻ ወንድማቸው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ማለስለሻ ቅባት ቀብቶ በቦዩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይስብ ጀመር። ለአንድ ሳህን ሁለት ቀን ሙሉ ይስባል። ቦዩም እንደ መስተዋት ለሰለሰ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረውም፤ በመጽሐፍም የለም።

እትዬ ያንን ሳህን በብርሃን ወደ ላይ ይዘው አገላብጠው ካዩ በኋላ የወንድማቸውን ግንባር ሳሙ። በቦዩ ውስጥ ካታሊስት እንዲሆን ወርቅ የተቀላቀለበት ውድ ዱቄት ጠቅጥቀው አልኮሉንና አየሩን ሲያሳልፉ የለውዙ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ዱቄቱ ሠራ ተባለ። በ1995 ዓ.ም. ጽሑፉ በውጭ መጽሔት ወጣ። አምስት ስሞች ነበሩበት። የወንድማቸው ስም አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይነገር፤ የኋላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ሙያ አንድ ሕግ አለ። ዱቄቱ ከመጨመሩ በፊት ሳህኑ ባዶውን ይሞከራል፤ ይኸውም ሥራውን የሚሠራው ዱቄቱ እንጂ ሌላ ነገር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። እትዬ በዚህ ሕግ ቀልድ አያውቁም። ከሌላ ቦታ የመጣ የመስታወት ሳህን ሲሆን ሦስት ጊዜ ባዶውን ይፈትኑታል፤ ተማሪ ሲዘነጋም ይቆጣሉ። የወንድማቸውን ሳህን ግን አንድም ቀን ባዶውን አልሞከሩትም። ረዳታቸው ሲጠይቋቸው፣ "እሱማ የወንድሜ እጅ ነው" ብለው ያልፉት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. አዲሱ ቤተ ሙከራ ሲመረቅ ወንድማቸው ስምንተኛውን ሳህን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። የበሩ ዘበኛ ዝርዝሩን አይቶ "ስምህ የለም" አለው። ሁለት ሰዓት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የውስጡን ጭብጨባ ሰማ። እትዬ መምጣቱን አላወቁም። እሱም አልነገራቸውም፤ ሳህኑን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ። አልተናገረም እንጂ አልረሳም። እህቱ ከባሕር ማዶ ሲመለሱ የትራፓኖ ጥርስ ያመጡለት ሰው፣ ስሙን በአንዲት ወረቀት ላይ እንዲያስጽፉለት መጠበቁ ነውር አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. የክፍሉ ኃላፊ አዳዲስ ሳህኖች ከውጭ አስመጡ። የሚያብረቀርቁ፣ በሳጥን ውስጥ በስፖንጅ የተኙ ናቸው። ኃላፊው "እግዜር ይመስገን፣ ከጋራዥ ሥራ ተገላገልን" ብለው በሠራተኛው ፊት ተናገሩ፤ ወሬው በሁለተኛው ቀን ቶርኖ ቤት ደረሰ። ከአዲሶቹ ሳህኖች ግን የለውዝ ሽታ አልወጣም። እትዬ ሦስት ወር ለፉ። ፓምፑን ፈቱ፣ ማሞቂያውን ለወጡ፣ ዱቄቱን እንደገና አስመጡ። ክፍሉ እንደ ባዶ ቤት ምንም አልሸት አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጠው የወንድማቸውን አሮጌ ሳህን ከመሳቢያ አወጡ። ዱቄቱ አልቆባቸው ነበርና ባዶውን አሠሩት። ረዳታቸው እንደሚናገሩት፣ ሽታው ሲመጣ እትዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። "አምስት ዓመት ሙሉ!" አሉ፤ "አምስት ዓመት ሙሉ ሥራውን የሠራው ሽቦው ነው!" በቦዩ ግድግዳ ላይ ለዓይን የማይታይ የመዳብ ቅሪት ተለጥፎ ኖሯል። ሲያፋጥን የኖረው መዳቡ ነበር። ያ ሁሉ የተወራለት ባለ ወርቅ ዱቄት እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ኖሯል።

ኃላፊው ነገሩ እንዲዳፈን ፈለጉ። "ዱቄቱ ተበላሽቶ ነበር እንበል፤ ማን ያውቃል?" አሏቸው። እትዬ፣ "እኔ አውቃለሁ። አንድ ሰው ካወቀ በቂ ነው" ብለው መለሱ። በ2001 ዓ.ም. በዚያው መጽሔት ላይ በስማቸው የማረሚያ ጽሑፍ አወጡ። በዚህም የቤተ ሙከራውን ኃላፊነት አጡ፤ ዱቄቱን ይልኩ የነበሩትም ሰዎች ፊታቸውን አዞሩባቸው።

ወንድማቸው ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው አልነበረም። በዚያው ሳምንት እዚያ ትቶት የነበረውን መሣሪያ ሊወስድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲሄድ ኃላፊው ኮሪደር ላይ አገኙት። መጽሔቱን ዘርግተው አሳዩት። "ያንተ ቆሻሻ ነው ሥራችንን ያበላሸው። ስምህም ወጥቷል፤ እነሆ" አሉት። በባዕድ ፊደል የተጻፈውን ስሙን ከነአባቱ ስም ፊደል እየቆጠረ አነበበ። የክፍሉን ጸሐፊ ከላይ ያለው ርዕስ ምን እንደሚል ጠየቃት። "ማረሚያ ማለት ነው፤ ስህተት ሲኖር የሚወጣ" አለችው። ለመልካሙ ሥራ ስሙ ሳይነሣ፣ ለጥፋቱ ከነአባቱ ስም ታተመ ብሎ አመነ። አንድ ቀን እጃቸው የተቃጠለው አባቱ በስማቸው ሁለተኛ የተቃጠሉ መሰለው።

እትዬ በማግስቱ ያንኑ ወረቀት በፖስታ ይዘው ወደ ቤቱ መጡ። በሩን አንኳኩ። ወንድማቸው ከውስጥ ራሱ "የለም!" ብሎ ጮኸ።

እትዬ፣ "እሺ፤ ሲመጣ እህትህ ደስ የሚል ነገር ይዛ መጥታ ነበር በለው" አሉ።

"አይመጣም!"

"ካልመጣም በለው።"

ወረቀቱን በበሩ ሥር አስገብተው ሄዱ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሦስቱንም ጊዜ "የለም" የሚላቸው እሱ ራሱ ነበር። ወረቀቱን ሲያየው ኃላፊው ያሳዩት ያው ገጽ ሆነበት፤ ስድቡን ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ ብሎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አነጠፈው። ለማን ያስነብበው? ስድቡን ለጎረቤት?

በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ። በ2006 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ እህትና ወንድም ከሬሳ ሣጥኑ ወዲህና ወዲያ ቆመው ሳይነጋገሩ ቀበሯቸው። እትዬ በመቃብሩ በር ላይ "ኮትህ ቁልፉ ተበጥሷል፣ ስጠኝ ልስፋልህ" አሉት። ኮቱን አልሰጣቸውም።

በእነዚያ ዓመታት እትዬ ሥራቸውን አላቆሙም። ከዱቄቱ ተላቅቀው መዳቡን ያዙ። የመዳብ ስስ ሽፋን ያላቸውን ሳህኖች እየደረደሩ፣ ሙቀቱን በዲግሪ፣ ፍሰቱን በጠብታ እየለኩ፣ ካታሊስቱ ሲደክም ምን እንደሚሆንና ምን እንደሚያበረታው አጠኑ። ከሃያ በላይ ተማሪዎች በእጃቸው ተመርቀዋል። በ2008 ዓ.ም. አባታቸው ይሠሩበት የነበረው የቀለም ፋብሪካ ለአንዱ ምርቱ ክሮሙን ትቶ፣ መጽሐፍ መደርደሪያ በሚያክል ቦታ ላይ የተደረደሩ መቶ ሃያ ሳህኖችን ተከለ። ወንድማቸው ወሬውን ሰምቷል። "የውጭ ዕቃ ይሆናል" ብሎ አለፈው። እትዬ በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ፤ ከዚያም በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ቤተ ሙከራ ይሄዱ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር የደም ሕመም አገኛቸው። በሚያዝያ ሕመሙ ሲጠና ልጃቸው ወደ አጎቷ ቶርኖ ቤት መጣች። ማሽኑን አላጠፋላትም። እሷም አልሄደችም።

"ጋሼ፣ እማዬ የላከችልህን ወረቀት አንብበኸዋል?"

"በየትኛው ዓይኔ?"

"የት አለ?"

በእግሩ ወደ ሳጥኑ ጠቆማት። ሳጥኑን ገፍታ፣ ዘይት የጠጣውን ወረቀት አውጥታ፣ በማሽኑ ጩኸት ላይ እየጮኸች ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። እንዲህ ይላል፦ "ከዚህ ቀደም ለዱቄቱ የሰጠነው ምስጋና ለዱቄቱ አይገባም። ካታሊስቱ ስሙ ከዚህ በላይ የተጻፈው የቶርኖ ባለሙያ በራሱ ዘዴ በመዳብ ሽቦ ያለሰለሰው ግድግዳ ነው። ግኝቱ የእሱ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ሳህኑን ባዶውን አልሞከርኩትም። ያልሞከርኩትም እጁን ስለማምን ነው።"

እዚያ ላይ ማሽኑ ቆመ። ወንድማቸው "እስቲ ድገሚው" አለ። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ እንድትደግመው አልጠየቃትም፤ እጁን መታጠብ ጀመረ። በሳሙናም በጋዝም ቢያሽ ጥቁሩ አልለቅ አለው።

"ጋሼ፣ እሷ እኮ እጅህን ታውቀዋለች። ተነሥ" አለችው።

ሲደርስ እትዬ በመስኮት በኩል ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር። ክብደታቸው እንደ ልጅ ሆኗል። አዩት፤ ከዚያም ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ "የለም ሲባል የነበረው ሰውዬ መጣ መሰለኝ" አሉ። ዝምተኛው ባለቤታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሳቁ። ወንድማቸው በመንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ነበረው። የአልጋው ጎማ ሲንቀሳቀስ ይጮህ ነበርና ተንበርክኮ ጎማውን ማየት ጀመረ።

"አሥራ አራት ዓመት ቆይተህ ልታየኝ ነው ወይስ ልትጠግነኝ?"

"ጎማው ዘይት ይፈልጋል እትዬ።"

"እኔም ፈልጌ ነበር" አሉት፤ እጃቸውንም ራሱ ላይ አኖሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ በኋላ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም። ጎማውን ጠገነ፣ የመስኮቱን ማንጠልጠያ ለወጠ፣ ውሃ ሲጠጡ እንዳያስቸግራቸው ለብርጭቆአቸው ሰፊ እጀታ ሠራ። ጥፍራቸውን ይቆርጥላቸው ነበር፤ "ወንድሜ ሲቆርጥ ሚሊሜትር አይስትም" እያሉ ለነርሷ ይኩራሩበት ነበር። ስለ መዳቡ ሲያስረዱትም ይሰማ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከክፍልፋይ አልፈዋል። አንድ ቅዳሜ በመኪና ይዟቸው ሄዶ ፋብሪካው ውስጥ የተደረደሩትን ሳህኖች አዩ። እትዬ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ "ቁጠራቸው፤ ሁሉም የሽቦህ ልጆች ናቸው" አሉት። እሱ አልቆጠረም፤ ዓይኑ አላስቻለውም።

በመስከረም ወር የዩኒቨርሲቲው ሰዎች የሕይወት ታሪካቸውን ለማዘጋጀት ፈቃድ ጠየቁ። እትዬ፣ "ወንድሜ ይጽፈዋል" አሉ። እሱ ደነገጠ።

"እትዬ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ እኮ!"

"እኔን ለማወቅ ስድስተኛ ይበቃል። እነሱ ከጻፉት ማዕረጌን ደርድረው ይቀመጣሉ። አንተ ስህተቴንም ትጽፋለህ። ያንተንም አስገባ፤ ብቻዬን እንዳላፍር።"

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚህ ትእዛዝ ነው። የእሳቸው ስህተት አንድ ነው፤ ተጽፏል። የእሱ ግን ገና አላለቀም።

በእነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ ወንድማቸው ብዙ ነገር ሲጠግን አንድ ነገር አልተናገረም። ይቅርታ አልጠየቃቸውም። በየቀኑ ይህን አስቦ ይመጣል፤ ሲደርስ የሚጠገን ነገር ያገኛል። ረቡዕ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ዛሬ ሳልናገር አልወጣም ብሎ ቆርጦ መጣ። እትዬ ተኝተው ነበር፤ ፊታቸው ላይ የሕመም ምልክት አልነበረም። ሊቀሰቅሳቸው እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ። "ነገ" ብሎ ወጣ። ሐሙስ ጥቅምት 15 ቀን ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እንዳሉ፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እህታችን ሰውን በማዕረጉ የማይለኩ፣ ያላወቁትን "አላውቅም" ለማለት የማያፍሩ፣ ሲሳሳቱ በአደባባይ የሚያርሙ፣ ተማሪ ሲያጠፋ ተቆጥተው ከደጅ ሳይደርስ መልሰው የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ በየቤተ ሙከራው የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን፣ እንዲሁም ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ዛሬም ከሥራችሁ ቀርታችሁ ለተገኛችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ያልመጡትም ሰዎች ቢኖሩ፣ እትዬ ስለማይቆጥሩባቸው እኛም አንቆጥርም።

ታናሽ ወንድማቸው ይህን የጻፈው በራሱ እጅ ነው፤ የሚያነበውም ራሱ ነው። በሩን ዘግቶ ላቆያቸው ዓመታት፣ ሳይሰጣቸው ለቀረው ኮት፣ ሳያስነብብ ላነጠፈው ወረቀት፣ ረቡዕ ዕለትም "ነገ" ብሎ ለወጣው፣ ለእሳቸው ብቻ ሊናገረው የሚገባውን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይናገራል፦ እትዬ፣ ይቅር በይኝ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ለቀረነውም፣ ሰው አጠገባችን ሳለ የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።